ያልተፈረመው ደንብ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1973 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ሕግን ፈረሙ። በሕጉ ማብቂያ ላይ አንቀጽ 504 የተባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም ተቋም፣ ብቃት ያለውን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ብቻ ከአገልግሎቱ እንዳያገል፣ ጥቅም እንዳይነፍገውና አድልዎ እንዳይፈጽምበት የሚከለክል ነው። በዚያች አገር ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም ከዚያ ገንዘብ ስለሚደርሰው ዓረፍተ ነገሩ የማይነካው ደጃፍ ጥቂት ነበር። ይሁንና ከተፈረመ በኋላ ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል ሥራ ላይ ሊውል አልቻለም። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ማድረግ እንዳለበት የሚዘረዝረው የማስፈጸሚያ ደንብ አልወጣለትም ነበርና። ደንቡ የተፈረመው በኤፕሪል 1977፣ አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ወደሚገኝ የመንግሥት ሕንፃ ገብተው «አንወጣም» ካሉ በኋላ ነው። ይህ ታሪክ ለእኛም የሚናገረው አለው። ስለ መብት ስናወራ አዋጅ የወጣበትን ቀን እናከብራለን። የመብት ዕድሜ ግን መቆጠር ያለበት መለኪያና ቀነ ገደብ ያለው ደንብ ከተጻፈበት ቀን ነው፤ ደንቡም የሚጻፈውና ሳይሸረሸር የሚቆየው ጉዳዩ የራሳቸው የሆነ ሰዎች ሲያስጽፉትና ሲጠብቁት ነው።

የዚያን ዓረፍተ ነገር ክብደት ለመገንዘብ ከእርሱ በፊት የነበረውን ሕግ ማየት ይገባል። ሳን ፍራንሲስኮ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1867 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የአሜሪካ ዘመኖች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው ድንጋጌ አካሉ የጎደለ ወይም መልኩ የተበላሸ ሰው በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክል ነበር። ቺካጎ በ1881 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፤ የተሻረውም በ1974 ነው፤ ማለትም አንቀጽ 504 ከተፈረመ በኋላ። በ1927 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባክ እና ቤል ተብሎ በሚታወቀው ክርክር፣ ግዛቶች የአእምሮ ድካም አለባቸው ያሏቸውን ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው ማምከን እንደሚችሉ ወሰነ። በ1975 ኮንግረሱ በሕግ ባሰፈረው ግኝት ከ8 ሚሊዮን አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት የሚገባቸውን ትምህርት አያገኙም፤ 1 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ ጭራሹን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ ነበሩ። እነዚህን አንድ ላይ አስቀምጦ ያየ ሰው፣ አካል ጉዳተኛው ከአደባባይ የጠፋው ጉዳቱ ቤት ስላስቀረው ነው ለማለት ይቸገራል። ያገለለው ድንጋጌ፣ ውሳኔና የመዝገብ ቤት አሠራር ነው። በጽሑፍ የተሠራ ግንብ ደግሞ በመልካም ምኞት አይፈርስም፤ እኩል ዝርዝር የሆነ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

ያንን ጽሑፍ የጠየቁት ሰዎች የተገኙት ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ካለችው ከበርክሌይ ነው። ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመታቸው ፖሊዮ፣ በእኛ አጠራር የልጅነት ልምሻ፣ ይዟቸው ከአንገት በታች አብዛኛው አካላቸው ታዝዞላቸው አያውቅም፤ ሲተኙም የሚተነፍሱት የብረት ሳንባ በሚባል ከባድ ማሽን ውስጥ ነበር። የካሊፎርኒያ የመልሶ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት ሥራ ሊይዙ የማይችሉ ናቸው ብሎ የትምህርት ድጋፍ ሊነፍጋቸው ሞክሯል። በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ማሽኑን የሚችል የተማሪዎች ማደሪያ ስላልተገኘ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ እንዲያድሩ ተደረገ። ሌሎች ተማሪዎች ተከትለዋቸው መጡ። በ1970 ረዳት የሚቀጥር፣ ዊልቸር የሚጠግን፣ ምቹ ቤት የሚያፈላልግ የተማሪዎች አገልግሎት አቋቋሙ፤ በ1972 ይኸው ሥራ ከግቢው ወጥቶ ራሳቸው አካል ጉዳተኞቹ የሚመሩት የነፃ ኑሮ ማእከል ሆነ። የማእከሉ ሰዎች ነፃ ኑሮ ያሉት ሁሉን ነገር በራስ እጅ መሥራትን አልነበረም። መቼ እንደሚነሣ፣ የት እንደሚኖር፣ ረዳቱ ማን እንደሚሆን የሚወስነው ሰውየው ራሱ ይሁን ማለታቸው ነው። በ1975 ገዥው ጄሪ ብራውን ሮበርትስን የዚያው የመልሶ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው። አይሠሩም ያላቸውን መሥሪያ ቤት መምራታቸው፣ ብቃትን የሚለካው ወገን ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያሳይ የታሪክ ማስረጃ ነው።

በዚሁ ማእከል ይሠሩ ከነበሩት አንዷ ጁዲ ሂውማን ነበሩ። በሕፃንነታቸው በፖሊዮ የተጠቁት ሂውማን ብሩክሊን ውስጥ ትምህርት ቤት ሊገቡ ሲሉ፣ ዊልቸራቸው ለእሳት አደጋ ጊዜ እንቅፋት ይሆናል ተብለው ተመልሰዋል። አድገው መምህርነት ሲያጠኑ ደግሞ የኒውዮርክ የትምህርት ቦርድ በጤና ምርመራ ሰበብ የማስተማር ፈቃድ ከለከላቸው። በ1970 ከሰሱ፤ ፈቃዱንም አገኙ። የሮበርትስና የሂውማን ታሪክ የሚመሳሰለው በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም የተጋጩት ከጥላቻ ይልቅ ደንብ ከሚያስፈጽም ሠራተኛ ጋር ነበር። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና የቦርዱ ሐኪም ክፉ ሰዎች መሆን አላስፈለጋቸውም። በእጃቸው ያለው መመሪያ አካል ጉዳተኛ ሊመጣ ይችላል ብሎ አስቦ ስለማያውቅ ሥራቸውን በትጋት ሲሠሩ ሰው ያገላሉ። መፍትሔው በመመሪያው ውስጥ እንዳለ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ቀድመው የተረዱት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

አንቀጽ 504 ግን በእነርሱ ትግል ሕጉ ውስጥ የገባ አልነበረም። የኮንግረሱ የሕግ ባለሙያዎች ዘርን መሠረት ያደረገ አድልዎን ከሚከለክለው ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ቃሉን ወስደው ያስገቡት ነው፤ ሰፊ ክርክርም አልተደረገበትም። ኒክሰን ሕጉን ሁለት ጊዜ የመለሱት ወጪው በዛ ብለው ነው እንጂ ይህን ዓረፍተ ነገር ተቃውመው አይደለም። ሳይከራከሩበት የገባ መብት ጠበቃም አልነበረውም። ደንቡን የማውጣት ኃላፊነት የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ የሲቪል መብቶች ክፍል ረቂቁን አዘጋጅቷል። ሚኒስትሩ ካስፐር ዋይንበርገር ሳይፈርሙ ሄዱ። ተተኪያቸው ዴቪድ ማቲውስም ሳይፈርሙ ቆዩ። ጄምስ ቼሪ የተባሉ አካል ጉዳተኛ ከሰው በጁላይ 1976 የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡ መውጣት እንዳለበት ወሰነ፤ ማቲውስ ግን ሥልጣን ሊለቁ ቀናት ሲቀራቸው ረቂቁን ለኮንግረስ ልከው ነገሩን ለተከታያቸው ተዉት። በ1977 መጀመሪያ የመጡት ጆሴፍ ካሊፋኖ ደግሞ ረቂቁን እንደገና ላጥና አሉ። ሕግ አውጭው አውጥቷል፤ ፍርድ ቤቱ ፈርዷል፤ ፕሬዚዳንት ካርተርም በምርጫ ቅስቀሳቸው ቃል ገብተዋል። ሦስቱም የመንግሥት ክንፎች ተስማምተው ሳለ መብቱ አልተንቀሳቀሰም። የጎደለው አንድ ፊርማ ነበር፤ እርሱም በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

በወቅቱ የተቋቋመው የአካል ጉዳተኛ ዜጎች የአሜሪካ ኅብረት፣ መስማት በተሳናቸው በፍራንክ ቦው መሪነት፣ ደንቡ ሳይሸራረፍ እስከ ኤፕሪል 4 ካልተፈረመ የመሥሪያ ቤቱን ጽሕፈት ቤቶች እንይዛለን ብሎ አስታወቀ። ቀኑ አለፈ። በማግስቱ በዋሽንግተንና መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ባለባቸው ከተሞች ሰልፍ ወጣ። በዋሽንግተን ወደ ሕንፃው የገቡት ምግብ እንዳይገባላቸው ስለተከለከለ በማግስቱ ወጡ፤ በሌሎቹም ከተሞች በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት አበቃ። በሳን ፍራንሲስኮ ግን ከ100 በላይ ሰዎች 25 ቀን ቆዩ። ይህ ልዩነት የታሪክ ጸሐፊ በቀላሉ የማያገኘው ዓይነት ማነጻጸሪያ ነው፤ ጥያቄው አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ባላንጣው አንድ ሆኖ ውጤቱ ተለያየ። የሳን ፍራንሲስኮው የተለየው በዝግጅት ነው። ኪቲ ኮን የተባሉት አደራጅ፣ ራሳቸው የጡንቻ መድከም ሕመም የነበረባቸው፣ ከሳምንታት በፊት ጀምረው አብያተ ክርስቲያናትን፣ የሠራተኛ ማኅበራትንና የሌሎች መብት ተከራካሪዎችን በር አንኳኩተው ነበር።

ስለዚህ ስልኩ ሲቆረጥና ምግብ ይዞ መግባት ሲከለከል ከተማዋ ዝም አላለችም። የጥቁሮች መብት ታጋይ የሆነው የብላክ ፓንተር ፓርቲ በየቀኑ ትኩስ ምግብ አምጥቶ፣ ጠባቂዎቹን ተከራክሮ ያስገባ ነበር። ከአባላቱ ብራድ ሎማክስ የነርቭ ሕመም ይዟቸው በዊልቸር የሚሄዱ ሲሆኑ፣ ከጓደኛቸውና ከረዳታቸው ከቸክ ጃክሰን ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕንፃው ውስጥ ነበሩ። ግላይድ የተባለችው ቤተ ክርስቲያን፣ ከእስርና ከሱስ የወጡ ሰዎች የመሠረቱት ደላንሲ ስትሪትና ሌሎችም ስንቅ አቀበሉ፤ ከንቲባው ጆርጅ ሞስኮኒም የመታጠቢያ ቁሳቁስ አቀረቡ። በውስጥ የነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ያለ ረዳት መነሣትም መተኛትም የማይችሉ፣ መድኃኒት ካቋረጡ ሕይወታቸው አደጋ ላይ የሚወድቅ ነበሩ። መድኃኒት የሚያቀዘቅዙት በአየር ማቀዝቀዣ ላይ ሣጥን ለጥፈው ነው። መስማት የተሳናቸው ከመስኮት ሆነው በምልክት ቋንቋ ወደ ውጭ መልእክት ያስተላልፉ ነበር። መናገር የማይችለው በፊደል ሰሌዳ ሐሳቡን እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ስብሰባው ሁሉ በምልክት ቋንቋ ይተረጎማል። ከደጅ የሚጠይቁትን ማኅበረሰብ ውስጥ ሆነው ይኖሩበት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የብራድ ሎማክስ ስም ለብዙ ዓመታት በዚህ ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ አለመነሣቱ ግን ሌላ ዓይነት መገለል ነው፤ ያለ እርሳቸውና ያለ ድርጅታቸው ወጥ ሰልፉ ሳምንቱን ባልዘለቀ ነበር።

ኤፕሪል 15 ቀን የኮንግረስ አባላቱ ፊሊፕ በርተንና ጆርጅ ሚለር እዚያው ሕንፃ ውስጥ ምስክርነት ሰሙ። ከዋሽንግተን የተላኩት ባለሥልጣን ዩጂን አይደንበርግ መሥሪያ ቤቱ ሊያስገባ ያሰባቸውን ለውጦች ሲያስረዱ «የተለየ ግን እኩል» የሚል አባባል ተጠቀሙ። ይህ ሐረግ የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤቶችን ለያይቶ ለማኖር ያገለገለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1954 በትምህርት ጉዳይ የጣለው ሐረግ ነው። በአዳራሹ የነበሩት ምን እየተሰናዳላቸው እንደሆነ ያን ጊዜ በግልጽ ሰሙ፤ ሂውማንም ምንም የተለየ ነገር እንደማይቀበሉ በእንባ ጭምር ተናገሩ። ከሕንፃው የተመረጡ ልዑካን ወደ ዋሽንግተን በረሩ። እዚያ የማሽን ባለሙያዎች የሠራተኛ ማኅበር ተቀበላቸው፤ ዊልቸር የሚያሳፍር አውቶቡስ ስላልነበረ የተጓጓዙት በተከራዩት የዕቃ መኪና ጀርባ ነው። በሚኒስትሩ ደጅ ሻማ አብርተው አደሩ። ኤፕሪል 28 ቀን 1977 ካሊፋኖ ደንቡን ሳይሸራረፍ ፈረሙ፤ በሳን ፍራንሲስኮ የነበሩትም ኤፕሪል 30 ቀን ሕንፃውን ለቀው ወጡ።

የተፈረመው ምን ነበር? የታሪኩ እምብርት እዚህ ላይ ስለሆነ ልቆይበት እወዳለሁ። አዲስ የሚሠራ ሕንፃ ከመጀመሪያው ለአካል ጉዳተኛ የሚመች ሆኖ እንዲሠራ ደንቡ አዘዘ። ነባሩን በተመለከተ ግን እያንዳንዱ ሕንፃ ይፍረስ አላለም፤ አገልግሎቱ በጠቅላላው ለአካል ጉዳተኛው የሚደረስበት ይሁን አለ። ለምሳሌ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል ወደ ምድር ማውረድ ይበቃል ከተባለ ሊፍት መግጠም ግድ አይሆንም። ግንባታ የማይጠይቀው ማስተካከያ በ60 ቀን፣ ግንባታ የሚጠይቀው በሦስት ዓመት ውስጥ ይጠናቀቅ ተባለ። ቀጣሪ ሥራውንና የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው እንዲመች የማድረግ ግዴታ ተጣለበት፤ ይህም ከአቅሙ በላይ ጫና እንደሚሆንበት ካስረዳ ነፃ የሚወጣበት በር ተተወለት። እያንዳንዱ ተቋም በአንድ ዓመት ውስጥ አሠራሩን ራሱ እንዲመረምር፣ ይህንንም ሲያደርግ አካል ጉዳተኞችን እንዲያማክር ታዘዘ። 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ተቋም ጉዳዩን የሚከታተል ሰው እንዲመድብና አቤቱታ የሚሰማበት ሥርዓት እንዲዘረጋም ተደረገ። በ1973ቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም። ዓረፍተ ነገሩ አድልዎን ከለከለ፤ ደንቡ ግን ደረጃ ራሱ አድልዎ ሊሆን እንደሚችል፣ ማን እስከ መቼ እንደሚያስተካክለው፣ ካላስተካከለ አቤቱታው ወዴት እንደሚሄድ ተናገረ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ስለ ሕጋዊነት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ አልወጣም ማለት ሥርዓትን ማፍረስ አይደለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከቅደም ተከተሉ ይገኛል። ሰልፈኞቹ ሕግ ወጥቶላቸው ጠብቀዋል፣ ከሰው ረትተዋል፣ ረቂቁ ላይ አስተያየት ሰጥተዋል፣ ቀን ቆርጠው አስቀድመው አሳውቀዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይፈጽም የቆየው መሥሪያ ቤቱ ነበር። የጠየቁትም አዲስ ሕግ ሳይሆን የወጣው ሕግ እንዲፈጸም ነው። ሌላው ጥያቄ ስለ ሰው አመለካከት ነው። ብዙ ቅን ሰዎች፣ ልብ ሳይለወጥ ሕግ ምን ይፈይዳል፣ አስቀድመን ኅብረተሰቡን እናስተምር ይላሉ። ልብ መለወጥ እንዳለበት አልጠራጠርም። ነገር ግን ሰው ስለማያየው ሰው ያለውን አመለካከት በምን ይለውጣል? አካል ጉዳተኛ ልጅ የክፍል ጓደኛ ሆኖ የማያውቅ ተማሪ አድጎ ቀጣሪ ሲሆን የሚፈራው ያላየውን ነው። ካሊፋኖ በዚያው ዓመት የ1975ቱን የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ትምህርት ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብም ፈርመዋል፤ ሕፃናቱን ወደ ክፍል ያስገባቸው፣ እኩዮቻቸውንም ያስተዋወቃቸው ይኸው ደንብ እንጂ የመምህራኑ ልብ አስቀድሞ መለወጡ አልነበረም። ብዙ ጊዜ መተዋወቅ የሚመጣው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ የወጪ ነው። በዚያን ጊዜም ዩኒቨርሲቲዎችና የከተማ ትራንስፖርት ድርጅቶች በዚህ ተከራክረዋል፤ ሁልጊዜም አልተረቱም። በ1981 የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ነባር የትራንስፖርት ሥርዓትን በብዙ ወጪ ለውጡ የሚለው ደንብ ከአንቀጽ 504 ሥልጣን ያልፋል ብሎ አዲስ አውቶቡስ ሁሉ ማንሻ ይኑረው የሚለው ግዴታ ላላ፤ መልሶ የጸናው በ1990 በወጣ ሌላ ሕግ ነው። እንግዲህ የሳን ፍራንሲስኮው ድል ሁሉን ቋጠሮ አልፈታም። የወጪው ክርክር ግን የደንቡን አሠራር ልብ ሳይል ያልፋል። ደንቡ አዲሱንና ነባሩን የለየው፣ ጊዜውን የከፋፈለው፣ ከአቅም በላይ ለሆነበት መውጫ የተወው ወጪ መኖሩን ስላወቀ ነው። መብትን ከአቅም ጋር የሚያስታርቀው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝር የሌለው አዋጅ ግን ለተቋሙ ሁሉን ወይም ምንም የሚል ምርጫ ስለሚያቀርብለት ተቋሙ ምንምን ይመርጣል። ደግሞም ወጪው ብቻውን አይቆጠርም። በርክሌይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእግረኛ መንገዷን ጠርዝ ለዊልቸር ስትል ዝቅ አደረገች፤ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናትም፣ ዕቃ የሚጎትት ሠራተኛም፣ ጉልበቱ የደከመ አዛውንትም አብረው ተጠቀሙበት። ሥራ የሚይዝ አካል ጉዳተኛ ግብር እንደሚከፍል፣ ቤት የተዘጋበት ግን ሌላውንም ዘመዱን ከሥራ አስቀርቶ እንደሚያስቀምጥ መዘንጋት የለበትም።

ደንቡ ከተፈረመ በኋላም ጠባቂ ያስፈልገው እንደነበር የቀጣዮቹ ዓመታት አሳይተዋል። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬጋን የመንግሥት ደንቦችን የሚቀንስ ግብረ ኃይል በምክትላቸው በጆርጅ ቡሽ ሰብሳቢነት አቋቋሙ፤ ለቅነሳ ከታጩት አንዱ የ504 ደንብ ነበር። ከሳን ፍራንሲስኮው ትግል የወጡ ሰዎች ያሉበት የበርክሌይ የሕግ ተቋምና ሌሎችም ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ እንዲጎርፍ አደረጉ፤ ከባለሥልጣናቱ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ። በ1983 ሐሳቡ ተተወ። በዚያ ንግግር ስለ አካል ጉዳተኞች ብዙ የተማሩት ቡሽ ፕሬዚዳንት ሆነው ጁላይ 26 ቀን 1990 የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግን ፈረሙ። ይህ ሕግ ግዴታውን የፌዴራል ገንዘብ ወደማያገኙት ወደ ሱቆች፣ ሆቴሎችና የግል ቀጣሪዎች አሰፋ፤ ምቹ የማድረግ ግዴታንና ከአቅም በላይ ጫና የሚለውን መለኪያም የወረሰው በ1977 ከተፈረመው ደንብ ነው። የዛሬው የዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ይህንኑ ግዴታ ይዟል።

በዚህ ስምምነት በኩል ታሪኩ ወደ እኛ ይደርሳል። ስምምነቱ ለፊርማ በተከፈተበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2007፣ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ በአዋጅ ቁጥር 676/2002ም (የኢትዮጵያ ሕጎች ዘመን በአገራችን አቆጣጠር ነው) አጽድቃዋለች። አሜሪካ ግን በ2009 ብትፈርምም በዲሴምበር 2012 ሴኔቷ ባደረገው ድምፅ አሰጣጥ አስፈላጊውን ሁለት ሦስተኛ ስላላገኘ እስካሁን አላጸደቀችውም። ነገሩን በፊርማ ከለካነው ኢትዮጵያ ቀድማለች። በዊልቸር የሚሄድ ሰው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ፣ ፍርድ ቤት ሲገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ከለካነው ግን የቀደመችው አሜሪካ ናት። ይህ ብቻውን የዚህን ጽሑፍ ክርክር ይደግፋል። ሕግ አላጣንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ ደረጃ ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከዚያ አልፎ በሥራ ቅጥር አድልዎን ከልክሏል፣ ቀጣሪው የሥራ ቦታውን ምቹ እንዲያደርግ አዝዟል፣ ብቃት ያለው አካል ጉዳተኛ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ እንዲያገኝ ወስኗል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ደንግጓል። እነዚህ ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የ1973ቱም ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ድሃ አገር ከሀብታም አገር ታሪክ ምን ይማራል የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። አዲስ አበባና የክልል ከተሞቻችን ገና እየተሠሩ ነው፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የእግረኛ መንገዱ በብዛት እየተገነባ ያለው በእኛ ዘመን ነው። ነባሩን አፍርሶ ማስተካከል ውድ ነው፤ ንድፉ ላይ እያለ ራምፕ ማስገባትና በር ማስፋት ግን የወጪውን ጥቂት እጅ ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ ያ ደንብ አዲስ ሕንፃን ከነባሩ መለየቱ ከአሜሪካ ይልቅ ለእኛ ይጠቅማል፤ ዛሬ የተዘለለው እያንዳንዱ ራምፕ ነገ ግን በውድ ይከፈልበታል። አቅም በፈቀደ መጠን የሚለውን ቃልም መንግሥት እንደ መሸሻ ሳይሆን እንደ መርሐ ግብር ሊያነበው ይችላል፤ በዚህ ዓመት ይህን፣ በሚቀጥለው ያን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ እያለ ቀን ከቆረጠ አቅም ራሱ የሚለካ ነገር ይሆናል። ቀን ያልተቆረጠለት ግን ሁልጊዜ ካቅም በላይ ነው።

እንግዲህ ከ1977 የምንወስደው የሰልፉን ድፍረት ብቻ መሆን የለበትም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ የራምፑን ቁልቁለትና የበሩን ስፋት ሳይለካ ማኅተም እንዳይመታ ማድረግ፣ ነባር መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን የሚያስተካክሉበትን ቀን መቁረጥ፣ አቤቱታ የሚሰማና የሚቀጣ አካል በስም መሰየም፣ እያንዳንዱም ምርመራ አካል ጉዳተኞች ባሉበት እንዲደረግ ማዘዝ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆኑ ሰዎች አሉን፤ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ከተመሠረተ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ መስማት የተሳናቸውም ሌሎችም የየራሳቸው ማኅበር አላቸው። መንግሥት እነርሱን በበዓል ቀን ለንግግር ከመጥራት ይልቅ ረቂቁ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያስቀምጣቸው ይገባል። ሌሎቻችንም፣ አካል ጉዳት የሌለብን፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለን። በሳን ፍራንሲስኮ ደንቡን ያስፈረሙት አካል ጉዳተኞቹ ናቸው፤ እስኪፈረም ያቆያቸው ግን ወጥ ሠርቶ ያመጣው፣ ፎጣ ያቀበለውና ዋሽንግተን ላይ ቤቱን የከፈተው ሰው ነው። ማኅበር፣ ሠራተኛ፣ ቤተ እምነትና ጋዜጠኛ ያንን ድርሻ ሲወስዱ፣ አንቀጽ 36ም ሆነ አዋጅ 568 የሚጠየቁት ወጡ ወይስ አልወጡም ተብሎ ሳይሆን በዚህ ዓመት ስንት በር አስከፈቱ ተብሎ ይሆናል።